አንድ ጣት ተኩል

ድሬ፣ ከዚራ ላይ፣ ኒም ካጠላባት ቤት
እትዬ ውድነሽ አስጠሩኝ በጠዋት።

በሩ ቀድሞኝ ደርሷል፣ በጋሪ ተጭኖ፣
በሁለት ወዛደር ትከሻ ተዳፍኖ።
የዋንዛ ሳንቃ ነው፣ አራት ጣት ውፍረቱ፤
መቃኑ የጽድ ነው፣ ጠባብ ነው ደረቱ።
በር የሚያርፍበት እርከኑ ቢለካ
ለኮምፖንሳቶ ነው የተሠራው ለካ!

«በሩን ላገው» አሉኝ ጎረቤቶች ቆመው።
«አይላግም» አሉ እሳቸው ቀድመው፤
«ስስ በር ጠገብኩ እኔ፣ ሃምሳ ሦስት ዓመት፣
የደቻቱ አሸዋ ከነወሬው ሲገባ ቤት፣
ባጃጅ ሲያስነጥስ ስባንን በሌሊት።
መቃኑን ጥረበው። እንግዳ ሲመጣ
ባለቤት ነው እንጂ ጠጋ የሚል፤ ምን ጣጣ!»

በላይም በታችም፣ በሁለቱም በኩል፣
ሜትሬ የሚለው ያው፦ አንድ ጣት ተኩል።
ኢብሳ ምላሱን በጥርሱ ነከሰ፣
መስመሩን እንደያዘ መድረኩ ላይ ደረሰ።

መሮዬን ደገንኩ፤ ቀለሙ ረገፈ፤
አረንጓዴው ሄደ፣ ሰማያዊው አለፈ፣
ቢጫው ከሥር መጣ፣ ሳይወድ ተቀረፈ።
ከዚያ ጽዱ ሸተተ፤ ስንት ዘመን ደርቆ
ጠረኑን አልሰጠም፣ ኖሯል ውስጡ ደብቆ።

ሦስት ስንዝር ወርጄ ድምፁ ተለወጠ፤
ከመሮዬ አፍ ሥር አንድ ስንጥቅ አፈጠጠ።
ቀስ ብዬ ፈለቀቅሁ፤ ልባጥ ነው፣ የዝግባ፣
በሙጫ በምስማር ኋላ ላይ የገባ።
ከነርዝመቱ ወልቆ፣ ከሥሩ የታየው
የቀድሞው እርከን ነው፤ ጥልቀቱም ያው፣ ያው፦
አንድ ጣት ተኩል፣ በሰው እጅ የተላገ፣
ወፍራም በር የያዘ፣ ወፍራም በር የፈለገ።

መቃኑ ጠባብ አልነበረም ድሮ፤
አጥብበውት እንጂ በልባጥ፣ በኑሮ።

እትዬ ውድነሽ ጣታቸውን ሰደዱ፣
በጎድጓዳው ውስጥ እስከ ታች ወረዱ።
«አባቴ ሸጦት ነው፣ እናቴ ብትታመም፤
ያን ሌት ቤቱ ክፍቱን፤ ማንም ሰው አልተኛም።
ደጃፉ ላይ አነጋ፣ ተደግፎ ዱላ፤
ስሱን የገጠመው ከሳምንት በኋላ።
እኔ ልጅ ነበርኩ፤ አንድ ነገር አልረሳ፦
'ለጊዜው ነው' ያለው፣ መዶሻ ሲያነሳ።»

ኢብሳ ሊስቅ ብሎ አፉን ያዘ።

የሁለት ቀን ሥራዬ በግማሽ ቀን አለቀ፤
ማጠፊያው ተተከለ፣ ብሎኑ ጠበቀ።
ብዙም ሳይጠረብ መቃኑ ተቃና፤
በሩም ዞሮ ገባ፣ ትከሻው እንደቀና።
ከላይ፣ በቀኝ ጥጉ፣ ወረቀት ታህል ክፍተት
ቀርታለች፤ እኔና ኢብሳ ብቻ ያየናት።

ልጁ ልባጡን ይዞ «ከማገዶው ልጣል?»
ሲላቸው ደንግጠው፣ «ኧረ! ማን ያውቃል?
ምስማሩን ንቀልና ከቁም ሳጥኑ ኋላ
አቁምልኝ» አሉት፣ በአዲሱ በር ጥላ።

ሒሳቤን ሰጡኝ፣ ሙሉውን፣ ቆጥረው፤
አስወጡን፤ በሩንም ዘጉት፣ ቀስ አድርገው።

መንገዱ ላይ ቆመን ጆሮ ሰጠን። ዝም።
ባጃጅ አስነጠሰ፤ እሳቸው አልሰሙም።