ሁለት ሰዓት ባትሪ

ፍራንኮ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከቆርቆሮው በታች
አንዲት ክፍል አለችን፣ ከሰዓት ምድጃ የሆነች።
መብራት ከሄደ ቆየ።
ከከተማው ማዶ በኮረብታው ግድም
የነፋስ ማማዎች ክንፋቸው አያርፍም፤
የሚያመነጩት ግን እኛ ቤት አይደርስም።
የላፕቶፔ ባትሪ «ሁለት ሰዓት» ይላል፤
እኔ ስተረጉመው አንድ ከሩብ ይሆናል።

ኦቦ ጉተማ ናቸው፣ ከወንጂ የሚደውሉ፤
«ሽንኩርቱ ጠማው እኮ፣ ፓምፑ ሰኞ ይደርሳል?» የሚሉ።

በሰሌዳው ሆድ ውስጥ አለች የመዳብ ንጣፍ፣
ቀዳዳዋ እንደ ወንፊት፣ ስፋቷ እንደ መዳፍ፤
ኮረንቲ ከአንዱ ጥግ ገብቶ
የሚሻገራት እስከ ጫፍ።
ፍሰቱን ለማስላት መረብ ይጣልባታል፤
ዓይኑ የጠበበው ሁሉንም ይይዛል፣
ግን ሌሊቱን ሙሉ ያስባል።
ዓይኑ የሰፋው ደግሞ ሻይ ሳይበርድ ይጨርሳል፣
ትልልቁን ዓሣ ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ሰፊውን ጣልኩ።
አርባ ሰከንድ። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ።
ጉድለቱ አሥራ አንድ ሚሊቮልት፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?
እንዲህ ያለ ሥዕል ሰው ያስተኛል።

ኩለኒ ከኋላዬ ጣቷን ዘረጋች፦
«እዚህ ጋ፣ በሁለቱ ቀዳዳዎች መሃል፣ አንገቷ ላይ፣
መዳቡ ስንት ነው?»
«ሩብ ሚሊ ሜትር።»
«የመረብህ ዓይንስ?»
ዝም አልኩ። ሁለት ሚሊ ሜትር ነበር።
«ድልድዩን ከአውሮፕላን አይተህ
ለጋሪ ይበቃል አልክ» ብላ ሄደች።

እልህ ያዘኝ። ጠባቡን በየቦታው ዘረጋሁ።
ማራገቢያው ጮኸ፣ ቁጥሩ ሰባት ላይ ቆመ፣
ስክሪኑ ደበዘዘ፣ ጨለመ።
ሰባት በመቶ እውነት ለማን ይሰጣል?
ያላለቀ ልክ ከስሕተት በምን ይሻላል?

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤
የሠፈሩ ልጆች ጮኹ፣
የፀጉር ቤቱ ዘፈን ከተቋረጠበት ቀጠለ።
የኩለኒን አባት አሰብኩ፣ እህል ነጋዴውን፤
ጤፉን በኩንታል ይመዝናሉ፣
ለልጃቸው ጥሎሽ የገዙትን ሀብል ግን
ወርቅ ቤት ወስደው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው።

ሰፊውን መረብ ለሜዳው ተውኩት።
ጠባቡን ከአንገቷ ላይ ብቻ አሰርኩት።
ዘጠኝ ደቂቃ።
ቀይ። ሠላሳ ስምንት ሚሊቮልት፣
ያን ሁሉ ሰማያዊ አምኜ የተኛሁበት።

አንዷን ቀዳዳ ወዲያ ገፋኋት፣
የሁለት ፀጉር ያህል።
ጠዋት ስልኩ ጠራ። «ሰኞ?»
«ማክሰኞ» አልኳቸው። ዝም አሉ፣
ከጀርባቸው ዶሮ ይጮኻል።

ሌላ አንገት ቢኖርስ፣
ማንም ጣቱን ያልዘረጋበት?
ባትሪው መቶ ይላል።
አላምነውም።