ቀንድ አውጣው ምን በደለ?

ማይክሮስኮፑን በጋቢ ጠቅልዬ፣
እንደ አራስ ልጅ በጭኔ አስተኝቼ፣
ከጣርማ በር ጉም ወጥቼ፣
በመዘዞ አቧራ ገብቼ፣
ሞላሌ ደረስኩ፤ ሃያ ገጽ ወረቀት ይዤ፣
ከባዕድ ቃል ብዛት ደንዝዤ።

ባና የደረቡ ሰዎች፣ ከካቡ ሥር ፀሐይ ሊሞቁ
ተቀምጠው ጠበቁ።
ከኋላቸው አንዲት በግ፣ አገጯ ሥር ውሃ ቋጥራ፣
እንደ ተጠራ ምስክር ቆማለች፣
ቃሏን ሳትሰጥ፣ አቀርቅራ።

ጀመርኩ፦ «ፓራሳይቱ የሕይወት ዑደቱን
የሚያጠናቅቀው በሁለት አስተናጋጆች ነው፤
የመጀመሪያው ሞለስክ ሲሆን፣ ሁለተኛው...»
አንድ ሕፃን አዛጋ። አንዱን ሳል ያዘው።
ውድነሽ የምትባል ወጣት የበግ ጠጉሯን ትፈትላለች፣
በእኔ ንግግርና በበጓ ዝምታ መካከል ክር ትስባለች።
ቃሌም ከአፌ ወጥቶ፣ እንደ ሐምሌ ጉም፣
ካቡ ላይ ተኛ፤ አይዘንብም፣ አይገለጥም።

ጋሽ ጥላዬ እጃቸውን አነሡ፣
ዱላቸውን አገጫቸው ሥር ተክለው፣
«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ ረጋ ብለው፣
«ይኼ ሞለስክ ያልሽው፣ ቀንድ አውጣው አይደለ?
የጨፌው በግ ሞተ፤ እሱስ ምን በደለ?»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
በስድስት ዓመት ትምህርት
ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
ወረቀቱን አጠፍኩ፤ ኪሴ ከተትኩ፤
ከእናቴ አፍ ቃል ለመንኩ።

«አልበደለም፣ ጋሼ።
ቤቱን በጀርባው ላይ ተሸክሞ ሳለ
መንገደኛ መጣ፤ ‹መሸብኝ› እያለ።
ከበጠጥ የወጣ፣ በውሃ የዋኘ፣
ከዚያ ደጅ በስተቀር ማደሪያ ያላገኘ።
አስገባው። ምን ያድርግ? ቤት ለእንግዳ።
አንድ ሆኖ የገባው መቶ ሆነና፣ ሆነበት ዕዳ።
ጓዳውን ጨርሰው፣ ወጥተው፣ ሣር ላይ ተለጠፉ፤
ጤዛ መስለው አረፉ።
በጉም ሣር ጋጥሁ ሲል የሰው እንግዳ ዋጠ፤
ሳያውቅ ጉበቱን ሰጠ።»

ዝም አሉ። የውድነሽ እንዝርት ቆመች።
«እንዲያ ከሆነማ እኛን ነው የሚመስለው» አለች።

ከዚያ ተሰለፉ፣ በቀዳዳው ሊያዩ።
ጋሽ ጥላዬ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤
ከመስታወቱ ማዶ እንቁላሉ፣ ወርቅማ፣ ጫፉ የተከደነ።
እኔ ለዚያ ክዳን ሳይንሳዊ ስሙን ስፈልግ፣
«አገልግል ነው» አሉ፣ «ያውም ክዳን ያለው።
ስንቁን ቋጥሮ ነው የመጣ፣ ይኼ ሰው።»

ከመቶ ዓመት በፊት፣ ባልረገጥኩት አገር፣
በሳህን ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ አስቀምጦ
አንድ ሰው ሌሊቱን ሲጠብቅ ነበር።
ያየውንም ጻፈ። መጽሐፍ ሆነ። ፈተና ሆነ።
እኔም ሸመደድኩት፤ ማዕረግ ሆነ።
በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ሞላሌ ጨፌ ላይ
በግ መሞቱን አልተወም፣
ገበሬም ከእርግማን ነው ከማለት አላረፈም።
ግኝት እግር የለው፤ ተሸካሚ ይሻል፤
የተሸከመውም በአፉ ይወድቃል።
እኔ ሃያ ጊዜ ወደቅሁ፤
ዛሬ በሰው አገልግል ተሻገርሁ።

ኪኒኑን አደልን። ጨፌው ይታጠር ተባለ።
ልንሄድ ስንል በመኪናው መስኮት
ጋሽ ጥላዬ ጎንበስ አሉ፦
«ደግ ነው፣ እናጥር። ግን በግንቦት፣ ዝናብ ሲዘገይ፣
ከጨፌው ሌላ ለምለም በዚህ አገር የት አለ?»

አላወቅሁም።
ወረቀቴን አውጥቼ ገለበጥኩ፤
የሃያኛው ገጽ ጀርባ ባዶ ነበር።
የመዘዞ ኮረኮንች እጄን እያንቀጠቀጠው
በጠማማ ፊደል ጻፍኩት፣
እሳቸው እንዳሉት።