ክርና ክርክር

ጥር ሲገባ፣ ማትሱሞቶ ላይ፣ እንጨት ሌሊቱን ያወራል፤
ደረቅ ብርድ ነክሶት ከመስቀያው ቋ! ይላል።
እኔ ደብተር ያዥ ነኝ፣ የሁለት ዓመት ተለማማጅ፤
ሙጫ አሟቂ፣ ፍሬት ሞራጅ፣
አለቃዬ ኩኒሃሩ ያለውን ሁሉ ከታቢ።

ማክሰኞ አንዲት ሴት መጣች፣ ፉሳኤ፣ የአውቶቡስ ሾፌር፤
ጓንቷን ሳታወልቅ አንድ ቤዝ ጠረጴዛው ላይ አጋደመች፤
«የወንድሜ ነበር። አንገቱ ጎብጧል፣ ከእንግዲህ አይሆንም» አለች፤
«እንደሱ የሚናገር ፈልጉልኝ። መልኩ የፈለገውን ይሁን።»
አለቃዬ አንዴ ነካው።
ዱም።
ዱም ብቻ። ጅራት የሌለው፤ ጭቃ ላይ የወደቀ ፍሬ፤
ወይም ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ «እሺ» ሲል።
«ገባኝ» ብሎ ወደ ግድግዳው ሄደ።

መጀመሪያ ነጩን አወረደ፦ የሴን እንጨት፣ የሜፕል አንገት፤
ድምፁ የቆርቆሮ በር፣ ሰፈር የሚሰማው ሲዘጉት ሲከፍቱት።
ጻፍኩ፦ «ጥርስ አለው። ለከበሮ አይረታም።»
ፉሳኤ ራሷን ወዘወዘች።

ቀጥሎ ቀዩ፣ ከወንዝ ዳር ዛፍ የተጠረበ፤
ክብ ድምፅ፣ ሙሉ ድምፅ፣ እራቱን በልቶ የጠገበ።
«ጥሩ ነው» አለች፣ «ወንድሜ ግን ጠግቦ አያውቅም።»
ይህንንም ጻፍኩት፣ ምን ማለት እንደሆነ ሳልጠይቅ።

ከዚያ ውዱ፣ ባትሪ የሚበላው፣ ባለ አምስት ክሩ፤
ላዩም ታቹም ጥርት ያለ፣ እንደ ባንክ ቤት ጸሐፊ
አንዲት ፊደል የማያዛንፍ።
«ይሄ ሁሉን ያውቃል!» ብላ ሳቀች።
የዕለቱ ሳቅ እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ አንገተ አጭሩ፣ ሆዱ ባዶው፤
ከግድግዳ ወዲያ ጎረቤት የሚያንጎራጉር ይመስላል።
ዝም አለች። ተደገመላት። አሁንም ዝም።
«ቀርቦ ነበር፤ ግን ይሄ ሊያጽናናኝ ይፈልጋል።
የሱ አያጽናናም ነበር።»

እሱ ስለ ማግኔት፣ እሷ ስለ ሰው፣ ተከራከሩ፤
ከክርክሩ ውስጥ ክሩን ማንም አላየ።
ከዚያ ሶባ ሊበሉ ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ። ደግ ሥራ መስሎኝ
የሟቹን ቤዝ በሎሚ ዘይት ወለወልኩት፤
ሃያ ስድስት ዓመት ያልተፈቱ፣
ላብና አቧራ ጠጥተው የጠቆሩ
አራት ክሮች ፈትቼ ጣልኩ። አዲስ አሰርኩበት።
ተመልሳ ስታየው ፊቷ በራ፤
በጓንቷ አውራ ጣት ነካ አደረገችው።
ረጅም፣ የነሐስ፣ የጎረምሳ ድምፅ ወጣ፤
ቢጠብቁት ቢጠብቁት የማያልቅ።
ወንድሟ ያኔ ነው የሞተው፤
ማክሰኞ ከሰዓት፣ በእኔ እጅ።

አለቃዬ አልተቆጣም።
የቆሻሻ ቅርጫቱን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ።
ክሮቹን ከእንጨት ቅራፊ ውስጥ፣ እንደተጠቀለሉ፣ አወጣኋቸው፤
በሩ አጠገብ ከተሰቀለው ላይ አንድ በአንድ ወጠርኳቸው፤
የኮምፔንሳቶ ገላ፣ ለጀማሪ የምንሸጠው፣
ማንም ዋጋውን እንኳ ጠይቆት የማያውቀው።

ዱም።

እሱ ራሱ አይደለም። መጨረሻው ላይ ትንሽ ያነክሳል።
ፉሳኤ ግን ጓንቷን አወለቀች።
መታች፣ ደግማ መታች፤ በዋናው መንገድ
አውቶቡስ አልፎ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ እንኳ አላቆመች።

ዘጠኝ ሺህ የን ከፈለች። የክሮቹን አለቃዬ አልቆጠረም።
የጎበጠውንም በሌላው ትከሻዋ አንጠልጥላው ወጣች፣
ከነአዲስ ክሩ፣ ከነሎሚ ሽታው።

ደብተሬ ውስጥ አምስተኛው ተራ እንዲህ ይላል፦
እንጨት፦ ኮምፔንሳቶ። ማግኔት፦ እንደነገሩ።
ቃና፦
ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።
አለቃዬ አልፎ አልፎ ገልጦ ያየዋል፤
ሙላው ብሎኝ ግን አያውቅም።