ልብ የገዛ ቅጠል

ኦቦ ዩያ ከሶፊ መጡ በማለዳ፣
በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አምስት ቅጠል፣ እንደ ሰው ዕዳ።
«አባቴ ማሳ ላይ አንዲት ቡና ናት የቀረችኝ፤
ሌላውን ነቅለን ጫት ተከልን። እሷን ፈራኋት፣ እኔ እንጃ ምን እንደያዘኝ።»
«ፍሬስ?» አልኳቸው። ዝቅ አሉ፣ ጨርቁን አጠበቁ፤
«ሦስት ዓመት ሆነ፣ አበቦቿ ሳይፈኩ ደረቁ።»

በበረኪና አጠብኳቸው፣ ፈልቶ በበረደ ውሃ ደግሞ ሦስቴ።
በመስታወቱ ጓዳ ተቀምጬ፣ በእሳት ባለፈ ምላጬ
ከጥፍር የሚያንስ ቁራጭ፣ ቁራጭ፣ ቁራጭ።

ቅጠል ሞኝ ይመስላል። ነፋስ የሚያጫውተው፣ ፍየል የሚቀነጥሰው።
ግን በእያንዳንዷ ሕዋስ ውስጥ ሙሉው ዛፍ ተጽፏል፤
ሥሩ፣ ግንዱ፣ አበባው፣ ፊደል በፊደል ተለቅሟል።
እሷ የምታነበው ግን የራሷን ገጽ ነው፣
የቀረው ታሽጓል፤ ማኅተሙም እዚያው ክሩ ላይ ነው።
እንደ ድሮው ጀጎል፣ ሲመሽ አምስቱ በር ተዘግቶ፣
ሰዉም ገበያውም ከውስጥ ነው፣ ቁልፉ ብቻ ትራስ ሥር ገብቶ።

ኦክሲን ጠብ አደረግሁ። ሆርሞን ነው፣ የማይታይ መልእክተኛ፤
በር መታ፣ በር መታ፤ የሚነቃ አለ ወይ ከሚተኛ?
ሲሰነብት የተቆረጠው ጠርዝ አበጠ፣ ቢጫ ጉድፍ ሆነ፤
ቅጠልነቱን ረሳ፣ ሌላም ነገር አልሆነ።
መምህራኑ «ካለስ» ይሉታል፤
እኔ «ግራ የገባው» ብዬዋለሁ። ይገባኛል።

ወራት በጨለማ። መብራት ሲሄድ ግቢው ሁሉ ያማርራል፣
የኔዎቹ ጨለማ ይሻሉ፣ ምን ይጎድልባቸዋል?
ከመቶ ብልቃጥ ስድሳውን ሻጋታ ወሰደ፤
አንድ ሰኞ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም። ቀኑ ሄደ።

ከዚያ የሙያው ክፉ ክፍል፦ የቀሰቀሳቸውን መንፈግ ነው።
ኦክሲኑ ካልተወሰደባቸው፣ ሲያብጡ መኖር ነው ዕጣቸው።
ወሰድኩባቸው።
እናቴ ለትምህርት ስሄድ፣ ድሬዳዋ አውቶቡስ ተራ ሸኝታኝ
ዞር ብላ ሳታየኝ ሄደች። ያን ቀን ነው መሰል ያቆመችኝ።

በዝምታው መሃል አንዷ ሕዋስ
ለሁለት ተከፈለች፤ እኩል ግን አይደለም፣ ትንሿ ላይ፣ ትልቋ ታች፤
ራስና እግር ተለየ። ታሽገው የኖሩ ጂኖች፣
የፅንስ ጊዜ ፊደሎች፣
ተራ በተራ ተነበቡ፣
በሌላ ዘመን ተጽፈው ዛሬ እንደ ደረሱ ደብዳቤዎች።
ድቡልቡል ሆነች፣ እንደ ማሽላ ፍሬ፤
ሰነበተችና አናቷ ለሁለት ጎበጠ። ልብ ሆነች፣ ዛሬ።

ኦቦ ዩያን ጠራኋቸው። አጉሊ መነጽሩ ላይ አጎንብሰው ቆዩ።
«አባቷ ማነው?»
«የላትም።»
«እናቷስ?»
«ያቺው ግንድ ናት። ራሷ ናት።»
ዝም አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ግድግዳውን መታው፦
«ቅጠል በስምንት ወሩ ልብ ገዛ በይኛ፣ ረምዚያ! የኔው ልጅ ሠላሳ ሞላው!»

አሥራ አንድ ችግኝ ደረሰ። የአንዷ ቅጠል ጠበብ ብሎ፣
ጠርዙ ተጠማዞ፤ በግልበጣው መሃል ፊደል ተዘሎ።
ላስቀራት ነበር። እሳቸው ግን ከሁሉ አስቀድመው እሷን አነሱ፤
«ይቺ አስባበት ነው» አሉ፣ በሽርጣቸው ጫፍ ጥላ እያለበሱ።

ባጃጁ ሊነሳ ሲል፣ «ግንዷስ?» አልኳቸው፣ «እንዴት ናት?»
«ቆማለች» አሉ።
«ገና አልነገርኳትም።»