የሦስት ጨዋታ ዕዳ

ናሆም የሚሉት ሰው ከአዲስ አበባ፣
ትናንት ማታ ደውሎ ሥራዬ መሐል ገባ።
«ጠጋኙ፣ ጎንደር ላይ ጌም ቤት ነበር አሉ፣
ግራጫ ካሴቶች ዛሬስ የት ይውላሉ?
ሳጥኑ ካለማ ዋጋው ቤት ያሠራል፤
ሳጥኑ ከሌለ ለበግም ያጥራል፤
ላስቲኩ ሳይቀደድ የተገኘ እንደሆን፣
የሱን አልነግርህም፣ እንቅልፍ ይነሣሃል፣ ይቅርብህ አሁን።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ቀረሁ፣
የብየዳዬን ብረት ከሶኬት ነቀልሁ።

እኔ ያደግሁበት የቅኔ አገር ነው፤
ሰሙን ያላቀለጠ ወርቁን መች አየው?
እነዚህ ሰዎች ግን ነገሩን ገለበጡት፤
ሰሙ ካልተነካ ነው ወርቁን የሚያወጡት።
ማንም ያልተጫወተው፣ ማንም ያላሸነፈው፣
እሱ ነው ከሁሉም በዋጋ ያለፈው።
ጎንደር ግንቧን ሁሉ በላስቲክ ብትሸፍን፣
ደረጃው ሳይረገጥ፣ ርግብ ሳይሰፍርበት፣ ስንት ታወጣ ይሆን?

ከአራዳ ቁልቁል፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
አንድ ክፍል ቤት ነበር፤ ሃያ ልጅ፣ አንድ ቴሌቪዥን።
የእትዬ የሻረግ።
በሰማንያ ስምንት ክረምቱ ሲወጣ፣
ካሴቱ በመተማ፣ በሰሊጥ ጆንያ ተሸሽጎ መጣ።
ስንወዘውዘው ሰሊጥ ከሆዱ ረገፈ፤
አንድ ፍሬ ቀርቶ ኮሽ ኮሽ እያለ ስንት ዘመን አለፈ።
እሷም እንዳይለወጥ፣ ሌባ እንዳይቀይረው፣ ፊቱ ላይ ስሟን ጻፈች፣
በቀዩ የጥፍር ቀለም፤
እፍ ብላ አደረቀች፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር በሳጥን ቆለፈች።

ሃምሳ ሳንቲም ጣሳው ውስጥ ቋ ሲል ይጀመራል፤
ደወል ሰዓቷ ሲጮኽ ድልድዩ ላይ የደረሰው ሰውዬም ይቀራል።
ሳንቲም ያጣ ልጅም ከበር አይመለስም፤
በዱቤ ይጫወታል፤ ደብተሯ አንድ ጨዋታ እንኳ አያፈስም።
ካሴቱ ሲያኮርፍ፣ አፋችንን ደቅነን፣ እፍ!
ሃያ ልጅ በተራ፤ የሃያ ልጅ ትንፋሽ በመዳቡ ጥርስ ላይ ሲያልፍ።

ዛሬ ጠዋት ሄድሁ፣ ቀሃ፣ ወደ ቤቷ፤
ዓይኗ ደከመ እንጂ አልደከመም አንደበቷ።
ከቁም ሳጥን አናት፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣
ካሴቱ ወረደ አቧራውን አዝሎ።
ነቀነቅሁት።
ኮሽ አለ።

ፎቶ አንሥቼ ላክሁ። ናሆም መለሰልኝ፣
«ጥርሱ ዝጎበታል፣ ዋጋውን ቀንስልኝ፤
ያን ቀይ ጽሑፍ ግን በአሴቶን አጥፋልኝ፤
እጥፍ እከፍላለሁ፤ ስም የሌለበትን፣ ንጹሑን ላክልኝ።»
ዝገት አለው እንግዲህ። ያ የኛ ትንፋሽ ነው።

«ስምንት ሺህ» አልኋት። በጣቷ አሰበች፤
በብር አይደለም፣ በሃምሳ ሳንቲም መነዘረች።
«አሥራ ስድስት ሺህ ጨዋታ! ልጄ፣ ይህማ ድሮ ተከፍሎኛል፤
ሁለት ሴት ልጆቼን አስተምሮልኛል፤
የዚህን ቤት ጣራ አልብሶልኛል።
ስሜን ፍቆ የሚገዛኝ ሰው፣ ምኔን ሊገዛ ነው?
ይልቅ አንተ…» አለችና ደብተር አወጣች፤
ጫፉን አይጥ የበላው፤ እየገለጠች ወደ መስኮቱ መጣች።
በስሜ ትይዩ፣ በእርሳስ፣ ሦስት ጭረት፤
የሦስት ጨዋታ ዕዳ፣ ከሰማንያ ዘጠኝ ክረምት።

መቶ ብር ዘረጋሁ። እጇን ሰበሰበች፤
«የወሰድኸው በሃምሳ ነው፣ በሃምሳ ክፈለኝ» አለች።

ከቀሃ እስከ አራዳ፣ ከዚያ ቅዳሜ ገበያ፣
ሃምሳ ሳንቲም ጠፋ፣ እንኳን ለመክፈያ፣ ለዓይን ማረፊያ።
አንዱ ባለሱቅ ስቆ ማስቲካ ሰጠኝ።
ሌላው ግን ግራ ቀኝ አይቶ፣ ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ፤
«ለሰብሳቢ ነው አይደል የምትገዛው?
አንድ አለኝ፤
እጅ ያልነካው።»