ፋ

ቀን የሰው ጣት ይዤ ጥፍር ስሞርድ ውዬ፣
ማታ ለገዛ ጣቴ «አሁን ያንተ ተራ» ብዬ፣
ሰማንያ ስምንት ቁልፍ ያለው ዲጂታል ፒያኖ
በስድስት ወር ክፍያ ቤቴ ገባ። ሆኖ ሆኖ
«ቤቴ» ስል እንዳይመስላችሁ ቤት፤
መጋረጃ ነው፤ ከጀርባው ዘምዘም ትተኛለች፣ ከእሷ ወዲያ ሦስት ሴት።

ሦስት ሌሊት ደግ ነበር። ማዳመጫ በጆሮዬ፣
ማንም ሳይሰማኝ እየሳትኩ፣ እየታረምኩ ለብቻዬ።
በአራተኛው ሌሊት አራተኛው ነጭ ቁልፍ፣ ፋ፣
እንደ ሰካራም ጎረቤት ከመሬት ተነሥቶ ከፋ።
ብዳብሰው ይጮኻል፤ ባባብለው ይጮኻል፤
ቀስ የሚባለውን ቃል ማን አስተምሮት ያውቃል?
ሚ እና ሶል በግራ በቀኙ በሹክሹክታ ያወራሉ፤
እሱ አፉን ሲከፍት ጆሮዬ ውስጥ ሳህኖች ይሰበራሉ።

ሮላ ሄድኩ፣ ከገዛሁበት። «ዋስትና አለው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣
ደረሰኙን ብቻ አምጪ» አሉ።
ደረሰኙ ቦርሳዬ ውስጥ በነሐሴ ሙቀት ነጥቷል፤
ቀን የለው፣ ዋጋ የለው፣ እንደ ከፈን ጸድቷል።
ሻጩ ወደ መብራቱ አንሥቶ አየውና
«ይሄ ወረቀት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ደግሞ ደህና
ትሑት ልጅ ነበር፤ ከማሽኑ በስልክ ቁጥሬ ፈለገኝ፤
ዘርፌሽዋል የሚለው ስሜ በሦስት ዓይነት ተሳስቶ አገኘኝ።

አባቴ ዋስ ሆኖ ያውቃል፤ ተበዳሪው ሲሰወር
አንድ በሬ ከፍሎለታል፤ ሳያማ፣ ሳይማረር።
ይህኛው ዋስ ግን ወረቀት ነው፤ በደቃቅ ፊደል ያወራል፦
«እርጥበት ያደረሰውን ጉዳት አይመለከትም» ይላል።
እርጥበት! ሻርጃ ላይ! ማቀዝቀዣው ሌሊት ሲያርፍ፣ መስኮቱ በላብ ሲታወር፣
ባሕሩ በግድግዳ ገብቶ ከእኛ ጋር ሲያድር!
ሁለት ዓመት ለእሱ፤ የእኔም ቪዛ ሁለት ዓመት፤
ማናችን ቀድመን እንደምንመለስ ወደ ወጣንበት ቤት
አልተጻፈም።

ሐሙስ ዕለት ሺቡ መጣ፣ የኬረላው ባለሙያ፣
ከሰናያ ሠፈር፣ መፍቻውን ይዞ በጉያ።
ቀን ነው፤ ማቀዝቀዣው ይሠራል። ሺቡ ፋን ነካ፤
ፋ አንገቱን ደፍቶ መለሰ፤ ጨዋ ነው ለካ!
«ምንም ችግር የለም» ብሎ በቅጹ ላይ ጻፈ፤
የጥርስ ሕመም እንዲሁ ነው፤ ሐኪም ደጅ ሲደርሱ አለፈ።
በሩ ላይ ቆም አለና «የአበሻ ኪቦርድ ጠግኜ አውቃለሁ፤
በአምስት ድምፅ ትዘፍናላችሁ፤ ፋ የሌለበትም ሰምቻለሁ፤
እሱን ተጫወቺ» አለኝ፣ እንደ ወንድም አዝኖ።
ልክ ነው፤ ትዝታ ይዘለቃል፣ ፋ ደጅ ቀርቶ፣ ውጭ ሆኖ።

ሁለት ሌሊት ሞከርኩት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፤ ዘልዬ ሶል፣ ላ።
ትዝታ፣ ደግሞ ትዝታ፣ ከዚያም ትዝታ፤ የለም ሌላ።
በሦስተኛው ዘምዘም መጋረጃውን ገለጠች፤
የባቲ ከተማ ልጅ ናት፤ «ባቲን ምቺልኝ» አለች፤
ሽቦውን ራሷ ነቀለች። ጀመርኩ፦ ዶ፣ ሚ፣ ከዚያ ፋ፤
ከግድግዳው ማዶ ሕፃን ነቃ፤ የሁሉም እንቅልፍ ጠፋ።
«ተዪው» አለች በሳቅ ፈርሳ፣
«ሰኞ ገበያ ያደገ ነው፤ ዝግ ብሎ ማውራት ረስቶ ነዋ!»

እኔ ግን አልተውኩም። በስልኬ ቀረጽኩት፣ ከነሰዓቱ፦
ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ እርጥበት ዘጠና፣ ከነጩኸቱ።
ላክሁለት ለሺቡ። «ትዝታ ይበቃሻል ያልከኝ፣ ወንድሜ፣
አይበቃኝም። የከፈልኩት ለሰማንያ ስምንት ነው፤ ቆጥሬ፣ ፈርሜ።
ባቲም እፈልጋለሁ፤ ገና ያላወቅኩትም ዜማ፤
ፋ ሲነካ ቀስ ብሎ እንዲናገር፣ ቀስ ብሎ እንዲሰማ።»

ጧት የአንዲት ደንበኛ አውራ ጣት ይዤ ስልኬ ነዘረ፤
«ላስቲኩን አዝዣለሁ፤ ሦስት ሳምንት» ይላል፤ «በእኔ ስም» ብሎ ጨመረ።
ይምጣ አይምጣ አላውቅም። እስከዚያው ፋን ቀይ ቀባሁት፣
ከሥራ በተረፈ ጥፍር ቀለም፤ ዋስትናውን ይሰርዝ እንደሁ ሳልጠይቅ ተውኩት።
ማታ ማታ ዳር ዳሩን ሄጄ አልፈዋለሁ፤
አንዳንዴ ግን፣ ማዳመጫዬን አጥብቄ፣ ሆን ብዬ እነካዋለሁ።