ከቄጠማ ውስጥ

ዝናብ እንዳባራ፣ በጷጉሜ ማምሻ፣
ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ከድልድዩ መድረሻ፣
ድርቤ ተቀምጣለች ቄጠማዋን ታቅፋ፣
የረግረጉን ጭቃ ከባቷ አራግፋ።
በሃያ ብር አንድ እቅፍ። ለነገ። ለዓመቱ።
ከመሃል አንድ አገዳ ቀለለኝ ክብደቱ፤
ቀዳዳ አለበት፣ ነጥብ የሚያክል፣
አፉ ላይ ዱቄት የተንጠለጠለ፣ የእንጨት ብል የሚመስል።

ሰነጠቅሁት በጥፍሬ፦
ትል ነው። ቡኒ ራስ፤ አካሉ የገለባ፤
ጀርባው ላይ ሁለት መስመር፣ እንደ እርሳስ ጭረት፤
ብርሃን እንዳየ ወደ ኋላው ገባ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።
«ራሞ ነዋ!» አለችኝ፣ በአፍ መፍቻዋ ቋንቋ፣
«ከብት አይገድል፣ ሰው አይነክስ፤ ጣይው!»
ያልተሸጠው እቅፍ ነበር ዋናው ጭንቋ።

እኔ ግን የእርማት ሰው ነኝ፤ ማተሚያ ቤት ውዬ
የሌላ ሰው ፊደል ነው ቆሎዬ፣ ጥሬዬ።
ሀሌታውን ከሐመሩ፣ እሳቱን ሰ ከንጉሡ
ስለይ ነው የማመሸው፤ ስም ካልያዘ በራሱ
እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት፤ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ።
አባጨጓሬ? አይደለም፤
ጠጉር የለው፣ አያሳክክ፣ ቆዳ አያቃጥልም።
ሲያድግስ? የእሳት እራት።
ራት ነው እራት? ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ቆርጬ አላረምኩትም፤ ሁለቱም ይባላሉ።
ደግሞስ ምን ያለ ስም ነው፣ ገና ሳይወለድ
ማን እንደሚበላው ቀድሞ የሚፈርድ?
እልፍ ዓይነት ክንፍ ሁሉ፣ ነጩም ጠይሙም፣
ከእሳት በቀር ሌላ መጠሪያ የለውም?

ጋሽ ዘርጋው ጋ ሄድኩኝ፣ ሳይንስ ግቢ፣ ከዕቃ ቤቱ፤
መሳቢያ ሙሉ ክንፍ በመርፌ ሰክቷል፣ ናፍታሊን ይሸታል ኮቱ።
ጠርሙሱን አዟዟረ፣ መነጽሩን ገፋ፦
«በእጭ ብቻ አልምልም፤ ስንቴ ተሳስቻለሁ ስለፋ።
ቄጠማ እየቀየርሽ ጠብቂ።
ክንፍ ይዘሽ ነይ።»

ጠበቅሁ። ድርቤ ቅዳሜ ቅዳሜ
ሁለት አገዳ ትመርቅልኝ ነበር፣ «ለልጅሽ» እያለች።
አንድ ማለዳ ትሉ መብላት ተወ፤
ቀዳዳውን በክር ደፈነ፣ ተከናነበ።
የተማሪ መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ሙሽሬ ይለዋል፤
ማን እንዳወጣው እንጃ፣ አፉ ይባረክ።
ሌሊት ሌሊት ጠርሙሱ ላይ ጎንበስ ብዬ
«ሙሽሬ» ስል ራሴን ሰማሁት።

ከዚያ ድርቤ ቀረች። ወንዙ ዳር ድንጋይ ይነጠፋል፤
ቄጠማው በነበረበት መጤ ሣር የቧንቧ ውሃ ይጠጣል።

በጥቅምት አንድ ሌሊት መብራት ሄደ። ሻማ ለኮስኩ።
ጠርሙሱ ውስጥ የወረቀት ድምፅ ሰማሁ።
ወጥታለች። የደረቀ ቄጠማ ነው የክንፏ መልክ፣
አፏ ወደፊት የሾለ፣ እንደ ብዕር ልክ፤
በየክንፏ መሃል አንድ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ።
ሁለት ነጥብ፤
አራት ነጥብ አይደለም፤ ገና ቃል ይከተላል።

ክዳኑን አነሳሁ።
ወደ ሻማው ዞረች።
ስሟን ማን ነገራት?
እፍ አልኩት።

በጨለማው ጉንጬን ነካችኝ፤ መስኮቱን በዳበሳ ከፈትኩ።
ከወንዙ በኩል አንዲት እንቁራሪት ብቻዋን ትጮኻለች።

በማግስቱ ለጋሽ ዘርጋው ባዶ ቅርፊቷን ወሰድኩለት።
«ክንፉስ?» አለኝ።
«ሄደ።»
ጥቂት ዝም አለ። ቅርፊቱን በክብሪት ቀፎ አስቀምጦ፣
የስሙን ቦታ ጣት ያህል ባዶ ትቶ፣
በእርሳስ ጻፈ፦
አዲስ አበባ፣ ቀበና ዳር። ጥቅምት። ከቄጠማ ውስጥ።

አንገቴን አስግጌ አነበብኩት።
የሚታረም ፊደል የለውም።